ግድግዳቸው የፈረሰባቸው ሐውልቶች፦ የፍሎረንስ ካቴድራል የመካከለኛው ዘመን ዕብነ በረዶች

በጣሊያን ፍሎረንስ ከተማ ከታላቁ ካቴድራል ፊት ቆሞ ፎቶግራፍ የሚነሣ ጎብኚ፣ ከበስተጀርባው ያለው ነጭ፣ አረንጓዴና ቀይ ዕብነ በረድ ከነሐውልቶቹ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ይመስለዋል። አይደለም። ያ የፊት ግድግዳ የተጠናቀቀው በ1887 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከኋላው ያለው ሕንፃ ግን ከ1296 ጀምሮ የተገነባ ነው። በሁለቱ ዓመታት መካከል ሌላ የፊት ግድግዳ ነበረ። ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ፣ ግን ባማሩ ሐውልቶች የተሞላ ግድግዳ ነበር። በ1587 ሆን ተብሎ ፈረሰ። ሐውልቶቹ ግን አብዛኞቹ ተርፈዋል።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዛሬ በሙዚየም ውስጥ የሚታዩት እነዚህ ዕብነ በረዶች ለሙዚየም የተሠሩ አይደሉም፤ ብቻቸውን እንዲቆሙም አልታሰቡም። አንዲት የተቀመጠች ማርያም፣ አንድ ቆሞ የሚባርክ ጳጳስ፣ አንዲት በጎኗ የተጋደመች እናት ተለያይተው ሲታዩ እንግዳ ይሆናሉ። አንዱ ግትር፣ ሌላው ወፍራም፣ ሌላው ፊቱን ወደማይታወቅ አቅጣጫ ያዞረ ይመስላል። ከቤተሰብ ፎቶግራፍ ላይ አንድ ሰው በመቀስ ተቆርጦ ሲወጣ እጁ ወደ ማን እንደተዘረጋ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ ሐውልቶቹም ከግድግዳው ሲነጠሉ የሚሉት ነገር ግማሹ ይጠፋል። እነርሱን መረዳት ማለት የፈረሰውን ግድግዳ በሐሳብ መልሶ መገንባት ማለት ነው።

ግድግዳውን ማን ጀመረው?

አርኖልፎ ዲ ካምቢዮ ይባላል። ከፍሎረንስ ብዙም ከማትርቀው ከኮሌ ዲ ቫል ዴልሳ ከተማ የመጣ ቀራፂና የሕንፃ ባለሙያ ነው። የተወለደው በ1240ዎቹ ገደማ ሲሆን ሙያውን የተማረው ከኒኮላ ፒዛኖ ነው። ኒኮላ በዘመኑ የጣሊያንን የድንጋይ ቅርጻ ቅርጽ መልክ የቀየረ ታላቅ ሰው ነበር። ከ1265 እስከ 1268 ለሲየና ካቴድራል የስብከት መድረክ ሲሠራ አርኖልፎ ከረዳቶቹ አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ አርኖልፎ ወደ ሮም ሄዶ ለነገሥታትና ለካርዲናሎች ሠርቷል። በ1285 ለቅዱስ ጳውሎስ ባዚሊካ፣ በ1293 ደግሞ ለቅድስት ቸቺሊያ ቤተ ክርስቲያን ከመሠዊያው በላይ የሚቆሙትን የዕብነ በረድ ጥላዎች ያቆመው እርሱ ነው።

ሮም ለአርኖልፎ ትልቅ ትምህርት ቤት ነበረች፤ የጥንት ሮማውያን ሐውልቶች በየቦታው ነበሩና። ምን ያህል እንደቀረባቸው የሚያሳይ አንድ ነገር በኦርቪየቶ ከተማ አለ። እዚያ በ1282 ለሞተው ለካርዲናል ደ ብሬ የሠራው መቃብር ሲታደስ፣ ከላይ የተቀመጠችው ማርያም ከአንድ የጥንት ሮማዊት እንስት አምላክ ሐውልት የተሠራች ሆና ተገኘች። አርኖልፎ አሮጌውን ድንጋይ ወስዶ፣ እዚህም እዚያም ቆርጦና ጨምሮ የክርስቶስ እናት አደረጋት። ለዘመናት ያያት ሰው ሁሉ አልጠረጠረም። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚያየው ይኖራል፤ እኔ ግን ከዚህ የበለጠ የእጅ ብቃት ማስረጃ አላውቅም። የአንድ ሺህ ዓመት ልዩነት ያለውን የሌላ ሰው ሥራ ከራስ ሥራ ጋር ስፌቱ ሳይታይ ማገጣጠም ለማንም የሚሆን አይደለም።

ወደ ፍሎረንስ ሲጠራ ስሙ የገነነ ባለሙያ ነበር። ከተማዋ በ1300 ሚያዝያ 1 ቀን ባወጣችው ውሳኔ ከግብር ነፃ አድርጋዋለች። ምክንያቱም በውሳኔው ተጽፏል። በአካባቢው ቤተ ክርስቲያን በመሥራት ከእርሱ የሚበልጥ ዝነኛና ብልኅ ባለሙያ እንደሌለ፣ ጅምሩ ለዓይን የሚታይና ያማረ እንደሆነ፣ ፍሎረንስ በምትገኝበት በቱስካኒ ግዛት ካሉት ሁሉ የላቀና የከበረ ቤተ መቅደስ እንደሚኖራቸው ተስፋ ማድረጋቸውን ይገልጻል። የከተማ ምክር ቤት ለአንድ ድንጋይ ጠራቢ እንዲህ ያለ ምስጋና መጻፉ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

ከተማዋ ለምን እንዲህ ቸኮለች?

ፉክክር ነው። በ1300 አካባቢ ፍሎረንስ በሱፍ ጨርቅና በገንዘብ ንግድ የበለጸገች ከተማ ነበረች። ካቴድራሏ ግን ትንሽና ያረጀች፣ በቅድስት ሬፓራታ ስም የምትጠራ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ጎረቤትና ተቀናቃኝ የሆነችው ሲየና ደግሞ የኒኮላ ፒዛኖ ልጅ በሆነው በጆቫኒ ፒዛኖ እጅ ከ1284 ጀምሮ የካቴድራሏን ፊት በሐውልት ታስጌጥ ነበር። ኦርቪየቶም በ1290 አዲስ ካቴድራል ጀምራለች። ፍሎረንስ ዝም ብላ ልታይ አልቻለችም።

አሠራሩ ራሱ ትኩረት የሚስብ ነው። አሮጌዋ ቤተ ክርስቲያን ወዲያው አልፈረሰችም። አዲሱ ግድግዳ በዙሪያዋና ከፊቷ ሲነሣ ውስጧ ቅዳሴ ይቀጥል ነበር፤ ሙሉ በሙሉ የተነሣችው በ1375 ነው። ቅሪቷ ዛሬም ከካቴድራሉ ወለል በታች አለ፤ ከ1965 እስከ 1973 በተደረገ ቁፋሮ ወጥቶ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን አርኖልፎ ከሁሉ አስቀድሞ የፊቱን ግድግዳ መጀመሩ ነው። ሕንፃው ገና ሳይኖር ፊቱ መታየት ጀመረ። ሕዝቡ ግብር እየከፈለ ስለነበር የገንዘቡን ፍሬ በዓይኑ ማየት ነበረበት።

አርኖልፎ ራሱ ብዙ አልቆየም፤ ከ1302 እስከ 1310 ባለው ጊዜ ውስጥ ሞተ። ከእርሱ በኋላ ሌሎች ቀራፂዎች ለተጨማሪ መቶ ዓመት ያህል ሐውልት እየሠሩ ጨመሩበት። ግድግዳው ግን እስከ ጣሪያው ድረስ አልደረሰም፤ ታችኛው ክፍል ብቻ በዕብነ በረድ ለብሶ ላዩ ባዶ ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

ሦስቱ በሮች ምን ይሉ ነበር?

ካቴድራሉ ለድንግል ማርያም የተሰጠ ነው፤ ሳንታ ማሪያ ዴል ፊዮሬ፣ የአበባዋ ቅድስት ማርያም ይባላል። ስለዚህ አርኖልፎ ከየበሩ በላይ ባለው ግማሽ ክብ ቦታ ከማርያም ሕይወት አንድ አንድ ትዕይንት አስቀመጠ።

ከግራው በር በላይ የክርስቶስ ልደት ነበር። ማርያም በጎኗ ተጋድማ፣ በክንዷ ተደግፋ ከወገቧ በላይ ቀና ብላለች። ይህች ማርያም የደከመች ወላድ አትመስልም። ሰውነቷ ከባድ፣ አንገቷ ጠንካራ፣ እይታዋ ሩቅ ነው። ከሮማውያን በፊት በጣሊያን የገነኑት ኤትሩስካውያንና ሮማውያን ራሳቸው በመቃብር ሣጥኖቻቸው ክዳን ላይ ሟቾችን በግብዣ ላይ እንዳሉ በክንዳቸው ተደግፈው ተጋድመው ይቀርጿቸው ነበር። አርኖልፎ ያንን አቀማመጥ ወስዶ ከመቃብር ወደ ልደት አዛወረው።

ከቀኙ በር በላይ የማርያም ዕረፍት ነበር። ድንግል በአልጋ ላይ ተዘርግታ፣ ከሐዋርያት አንዱ ወደ ፊቷ ጎንበስ ብሎ ይታያል። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያምን ለሚያከብር የኢትዮጵያ አንባቢ ትዕይንቱ ማብራሪያ አያሻውም፤ በግድግዳና በብራና ሥዕል የለመደው ታሪክ ነው። አዲስ የሚሆንበት በድንጋይ ተቀርጾ፣ ከመንገደኛ ራስ በላይ ተሰቅሎ ማየቱ ነው።

መካከለኛውና ትልቁ በር ላይ ደግሞ ማርያም ልጇን ይዛ በዙፋን ተቀምጣለች። ከአንዱ ጎኗ ቅድስት ሬፓራታ፣ ከሌላው ቅዱስ ዜኖቢዮ ቆመዋል። ሁለቱ የተመረጡት በአጋጣሚ አይደለም። ሬፓራታ በፍልስጤም ቂሳርያ በሰማዕትነት የሞተች ወጣት ስትሆን፣ አሮጌው ካቴድራል የእርሷ ነበር። ዜኖቢዮ ደግሞ ከከተማዋ የመጀመሪያ ጳጳሳት አንዱና ከሁሉም የታወቀው ነው።

እስቲ ነገሩን በዘመኑ ሰው ዓይን እንየው። ከተማዋ ለዘመናት የጠበቀቻትን ቅድስት ስም ከካቴድራሉ ላይ አንሥታ ለማርያም ልትሰጥ ነው። ይህ በምእመናን ዘንድ ሳያስከፋ አያልፍም። ሐውልቶቹ ነገሩን ያለ ንግግር ያስታርቃሉ፦ ቅድስቲቱ አልተባረረችም፤ ከአዲሲቱ ባለቤት ጎን ቆማለች፤ ጳጳሱም ይመሰክራል። የሦስቱ ሐውልቶች አደራደር የቦታ ርክክብ ነው። ሬፓራታ ብቻዋን በሙዚየም ጥግ ብትቆም ግን ይህን ሁሉ ማን ይነግረናል? አንዲት ያማረች ወጣት፣ ከድንጋይ የተሠራች፤ በቃ።

የማርያም ዓይኖች ለምን ያበራሉ?

የመካከለኛዋ ማርያም በጣሊያን «ባለ መስታወት ዓይኗ ማዶና» (ማዶና ማለት እመቤታችን ነው) በመባል ትታወቃለች። የዓይኗ ብሌን ከዕብነ በረዱ አልተቀረጸም፤ ቦታው ተፈልፍሎ መስታወት ተሞልቶበታል። በቅርብ ሲታይ ነገሩ ያስደነግጣል። ፊቱ ሰፊ፣ ለስላሳና የማይንቀሳቀስ ነው፤ ምንም ስሜት የማያሳይ ነጭ ድንጋይ። ከመካከሉ ግን ሁለት የሚያብረቀርቁ ጨለማ ነጥቦች ቀጥ ብለው ይመለከታሉ። አንዳንድ ጎብኚ ደስ አይለውም፤ ሕይወት ያለው ነገር ድንጋይ ውስጥ የታሰረ ይመስለዋል።

ምክንያቱን ለማግኘት ግን ሐውልቷን ወደ ቦታዋ መመለስ ያስፈልጋል። የካቴድራሉ ፊት ወደ ምዕራብ ይመለከታል። ማርያም የተቀመጠችው ከበሩ በላይ ከፍ ብላ፣ ወደ ውስጥ በገባና ጥላ ባለበት ስፍራ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ከሕንፃው ጀርባ ስለሆነች ፊቷ በጥላ ይሸፈናል። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ዞሮ ሲመጣ ግን መስታወቱ ይቀበለዋል። ተራ የድንጋይ ዓይን ከዚያ ርቀት ሲታይ ነጭ እንቁላል ይሆናል፤ የመስታወት ዓይን ግን ከአደባባዩ ማዶም ይታያል። በሙዚየም መብራት ሥር በክንድ ርቀት የሚያስፈራው ነገር በቦታው ላይ ሕይወት የሚሰጥ ነበር።

ዘዴው የአርኖልፎ ፈጠራ አይደለም። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን የሐውልት ዓይንን በመስታወት፣ በድንጋይ ወይም በሌላ ቁስ ይሞሉ ነበር፤ እርሱም ሮም ውስጥ አይቶታል ብሎ ማሰብ አያስቸግርም። ደግሞ ዛሬ የምናየው ንጣት እንዳያሳስተን። የመካከለኛው ዘመን ሐውልት አብዛኛውን ጊዜ ቀለምና ወርቅ ይቀባ ነበር፤ የአርኖልፎ ግድግዳ ራሱ በሮም በተማረው ዘዴ፣ ባለቀለም ትናንሽ ጠጠሮች በዕብነ በረድ ውስጥ ተሰክተው ያሸበረቀ ነበር። ንጹሕ ነጭ ሐውልት የሚያምረን እኛን ነው፤ ለእነርሱ ያላለቀ ሥራ ነበር።

ከታች ወደ ላይ የሚታይ ሐውልት በምን ይለያል?

በብዙ ነገር። ለዓይን ትይዩ የሚቆም ሐውልት የሰውን ልክ ሊከተል ይችላል። ከሦስትና ከአራት ሰው ቁመት በላይ የሚቀመጥ ግን ከታች ሲታይ ያጥራል፤ ጉልበቱ ደረቱን፣ አገጩ ግንባሩን ይሸፍናል። ቀራፂው ይህን አስቀድሞ ማስላት አለበት።

ጆቫኒ ፒዛኖ በሲየና የመረጠው መንገድ ግልጽ ነው። የነቢያቱን አንገት አስረዝሞ ወደ ፊት ገፋው፤ ስለዚህ ከታች ላለ ሰው ፊታቸው ይታያል። ዛሬ እነዚያ ነቢያት በሲየና ሙዚየም ወለል ላይ ሲታዩ አንገታቸው እንደ ግመል ወጥቶ ስለሚታይ «ቀራፂው የሰውን አካል አያውቅም ነበር እንዴ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ያውቅ ነበር፤ እንዲያውም ከጠያቂው በላይ።

አርኖልፎ በሌላ መንገድ ሄደ። እርሱ ያበዛው ግዝፈትን ነው። ትከሻ ሰፊ፣ ጉልበት ትልቅ፣ የልብስ እጥፋት ጥቂት ግን ጥልቅ። በመሮና በመሰርሰሪያ ወደ ውስጥ የተቆፈሩት እጥፋቶች ጥላ ይይዛሉ፤ ጥላው ከሩቅ እንደ ተሰመረ መስመር ይነበባል። ጥቃቅን ጌጥ ከአደባባይ ስለማይታይ አልደከመበትም። ሐውልቶቹን «ወፍራም» ወይም «ደረቅ» የሚሉ ሰዎች የሚፈርዱት እርሱ ባላሰበው ርቀት ላይ ቆመው ነው።

የሐውልቱ ጀርባም ሌላ ምስክር ነው። በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሥራ ጀርባው አይለሰልስም፤ የመሮው ምልክት እንዳለ ይቀራል፤ በብረት ማያያዣ ከግንቡ ጋር ይጠፈራል። በሙዚየም ውስጥ እንዲህ ያለ ሐውልት ዞሮ ማየት የተቻለ እንደሆነ ፊቱን ትቶ ጀርባውን ማየት ስለ አሠራሩ ብዙ ያስተምራል።

በማርያም ግድግዳ ላይ የሮም ጳጳስ ምን ያደርጋል?

ከቅዱሳኑ ጋር አንድ በሕይወት ያለ ሰው ነበር፦ የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቦኒፋስ 8ኛ፣ ረጅም ዘውዱን ደፍቶ፣ ተቀምጦ እየባረከ። ከ1294 እስከ 1303 በመንበሩ የነበረ ሥልጣን ወዳድ ሰው ነው። በፍሎረንስ የፖለቲካ ጠብም እጁን አስገብቷል። እርሱ የደገፈው ወገን ሲያሸንፍ ተሸናፊዎቹ ተሰደዱ፤ ከእነርሱ አንዱ ባለቅኔው ዳንቴ ነው። ዳንቴ በ1302 ከከተማዋ ተባርሮ ዳግመኛ ሳይመለስ ሞተ፤ ቦኒፋስ ግን በካቴድራሉ ፊት ተቀምጦ መባረኩን ቀጠለ። ግድግዳው የእምነት ብቻ ሳይሆን የሥልጣን ሰሌዳም ነበር ለማለት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በኋላ ከተጨመሩት መካከል ስማቸው ሊነሣ የሚገባቸው አራቱ ወንጌላውያን ናቸው። ከ1408 ጀምሮ ለአራት የተለያዩ እጆች ተከፋፍለው ተሰጡ፤ ከሠሪዎቹ አንዱ ገና ወጣት የነበረው ዶናቴሎ ሲሆን እርሱ የሠራው ዮሐንስን ነው። በዋናው በር ግራና ቀኝ ባሉ ጎድጓዳ ስፍራዎች ተቀመጡ።

ኢትዮጵያውያን አይተውት ይሆን?

ግድግዳው በቆመበት ዘመን ኢትዮጵያውያን በፍሎረንስ ነበሩ። በ1441 በከተማዋ ይካሄድ ወደነበረው የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ከኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ገዳም አለቃ ከኒቆዲሞስ የተላኩ መነኮሳት መጡ፤ በጉባኤው ፊት የተናገረውም ዲያቆን ጴጥሮስ ነበር። በዚያ ዓመት የሕንፃ ባለሙያው ብሩኔለስኪ የሠራው የካቴድራሉ ጉልላት ቆሟል፤ ካቴድራሉ ከተባረከ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ የአርኖልፎ ማርያምም ከበሩ በላይ ነበረች። በእንግድነት ወደ ከተማዋ የገባ የሃይማኖት ሰው ዋናውን ካቴድራል ሳያይ ይመለሳል ማለት ይከብዳል። መነኮሳቱ መምጣታቸው ራሱ በጣሊያን ጥበብ ውስጥ አሻራ ትቷል፤ በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መካከለኛ በር ላይ ባለው የቀራፂው ፊላሬቴ የነሐስ ሥራ፣ ወደዚያው ጉባኤ ከመጡ የግብፅ መልእክተኞች ጋር ተቀርጸው ይገኛሉ።

ታዲያ ለምን ፈረሰ?

ጦርነት አልነበረም፤ የመሬት መንቀጥቀጥም አልነበረም። ፋሽን ነው ያፈረሰው።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፍሎረንስ የሜዲቺ ቤተሰብ መስፍኖች ግዛት ሆናለች። የጎቲክ ሥራ፣ ማለትም የመካከለኛው ዘመን የአሠራር ስልት፣ ኋላ ቀር ተብሎ በሚናቅበት በዚያ ዘመን፣ ከላይ ባዶ ከታች በትናንሽ ዓምዶችና በሐውልት የተጨናነቀው ግድግዳ ለመስፍኑ ፍራንቸስኮ 1ኛ የሚመጥን አልመሰለም። የካቴድራሉን ሥራ የሚያስተዳድረው ሹም ቤኔዴቶ ኡጉቾኒ እንዲፈርስ ገፋፋ፤ የመስፍኑ የሕንፃ ባለሙያ ቤርናርዶ ቡዎንታሌንቲም ለአዲሱ ንድፍ ተዘጋጀ። በ1587 ሠራተኞች ወጡና አወረዱት። በዚያው ዓመት በጥቅምት መስፍኑም ሞተ።

አዲስ ግድግዳ ግን አልተሠራም። ቡዎንታሌንቲና ሌሎችም ከእንጨት ውብ ውብ ናሙናዎች አቀረቡ፤ ናሙናዎቹ ዛሬም በሙዚየሙ አሉ፤ ከእነርሱ አንድም ድንጋይ የሆነ የለም። በመስፍን ሰርግ ጊዜ ባዶው ግንብ እንዳያሳፍር ጊዜያዊ ጌጥ ይሰቀልበት ነበር፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ በቀለም የሐሰት ዓምዶችና መስኮቶች ተሳሉበት። ቀለሙም በዝናብ ታጠበ። ከጣሊያን ውሕደት በኋላ ነው ነገሩ የተንቀሳቀሰው፤ ኤሚሊዮ ዴ ፋብሪስ የነደፈው ግድግዳ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1887 ተመረቀ። አንድ ትልቅ ካቴድራል ለሦስት መቶ ዓመት ያለ ፊት ቆየ ማለት ነው።

ሐውልቶቹስ የት ገቡ?

ገሚሶቹ ወደ ካቴድራሉ ውስጥና ወደ ግንባታ ጽሕፈት ቤቱ መጋዘን፣ ገሚሶቹ ወደ ግለሰቦች። የቦኒፋስ ሐውልት በአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ የአትክልት ስፍራ ውስጥ ጌጥ ሆኖ ከርሟል። ከሁሉ የሚያስገርመው በግድግዳው ላይ የነበሩት የአንዳንድ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሐውልቶች ዕጣ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው የመስፍኖቹ ቤተ መንግሥት ወደ ፖጆ ኢምፔሪያሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ሲተከሉ በራሳቸው ላይ የሎሬል ቅጠል አክሊል ተደርጎላቸው የጥንት ባለቅኔዎች ሆኑ። አርኖልፎ ሮማዊቷን አምላክ ማርያም ሲያደርጋት እንዲሁ ነበር፤ ድንጋይ ስሙን ለመቀየር ፈቃድ አይጠየቅም። የማርያም ዕረፍት ደግሞ ድንበር ተሻግሮ በርሊን ገባ።

የቀድሞ ቦታቸው በምን ታወቀ?

በአንድ ሥዕል። ግድግዳው ከመፍረሱ በፊት የተሣለ ዝርዝር ንድፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሠዓሊው ቤርናርዲኖ ፖቼቲ ሥራ ነው ይባላል። እያንዳንዱ በር፣ እያንዳንዱ ጎድጓዳ ስፍራ፣ እያንዳንዱ ሐውልት በየቦታው ይታያል። ይህ ወረቀት ባይተርፍ ኖሮ ሊቃውንቱ ከተበተኑት ድንጋዮች ውስጥ የትኛው ከየትኛው በር በላይ እንደነበረ በግምት ብቻ ይከራከሩ ነበር። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ አልቆመም፤ አሁንም የሚነሣው ጥያቄ የትኛው ሐውልት በአርኖልፎ እጅ፣ የትኛው በረዳቶቹ እጅ ተሠራ የሚለው ነው። ትልቅ የቅርጻ ቅርጽ ቤት መሪው ዋናውን አካል እየሠራ ረዳቶቹ ልብስና ጌጥ የሚጨርሱበት ስለነበር፣ አንዳንዱ ሐውልት ላይ ሁለቱም መልሶች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።

ዛሬ የት ይታያሉ?

ከካቴድራሉ በስተጀርባ፣ በምሥራቅ በኩል ባለው የካቴድራሉ ሙዚየም። ሙዚየሙ ታድሶ በጥቅምት 2015 ሲከፈት የተደረገው ነገር ለዚህ ሁሉ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የታሰበ ነው። በአንድ ወቅት ቲያትር ቤት፣ በኋላም ጋራዥ የነበረ ሰፊ አዳራሽ ተገዝቶ፣ ከላይ የጠቀስነውን ንድፍ በመከተል የአርኖልፎ ግድግዳ በሙሉ ልኩ በናሙና ቆሞበታል። ሐውልቶቹ ከግድግዳቸው ጋር ተገናኝተው ይታያሉ። ከፊት ለፊታቸው የመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ጥምቀት የነሐስ በሮች ቆመዋል፤ ከእነርሱም አንዱ ቀራፂው ጊቤርቲ በ1452 የጨረሰው ባለ ወርቅ በር ነው። ቤተ ጥምቀቱና ካቴድራሉ በአደባባዩ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ስለሆነ፣ አዳራሹ የጥንቱን አደባባይ በጣሪያ ሥር ያመጣል።

ሁሉም አልተመለሰም። የማርያም ዕረፍት በርሊን ስለሆነ ቦታው በቅጂ ተሞልቷል። ወደ ካቴድራሉ መግባት ነፃ ሲሆን ሙዚየሙ ግን በትኬት ነው። ብዙ ጎብኚ ጊዜውን የሚያጠፋው በመጀመሪያው ረጅም ሰልፍ ላይ ነው፤ ካቴድራሉ ደግሞ ከውስጥ ባዶና ቀላል ነው፤ ለጌጡ የተሠራው አብዛኛው ነገር ወደ ሙዚየሙ ሄዷል። ሁለቱን ለማየት ጊዜ የማይበቃው ሰው ሰልፉን ትቶ ወደ ኋላ ቢዞር አይቆጭም።